አዌቱ ዳር ለምትተክሉ፦ ከችግኙ በፊት ውኃውን አስሉ

ጥያቄያችሁን እንዳነበብኩት 25 የሰፈር ልጆች ናችሁ፤ ጅማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ ዳር ያለውን ክፍት ቦታ ፓርክ ለማድረግ 500 ችግኝ ልትተክሉ ነው፤ የአምናው ግን አብዛኛው ስለደረቀ ምክንያቱን ማወቅ ፈልጋችኋል።

ጅማ ላይ ክረምት ችግኝን ብዙም አይጎዳም። የሚያደርቀው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ስለዚህ ስንት እንደምትተክሉ የሚወስነው በጋውን ማጠጣት የምትችሉት ውኃ ነው። አንድ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ብንለው፣ 500ው 5,000 ሊትር ይጠጣል፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 250 ማለት ነው። ለአንድ ሰው 10 ጀሪካን በየሳምንቱ፣ ለዚያውም አራት ወር ሙሉ! ማንም አይዘልቀውም። 120 ብትተክሉ 60 ጀሪካን ይበቃል፤ ለሰው ሁለት ሦስት ይደርሰዋል። በ5 ሜትር ርቀት ከተተከለ 120 ችግኝ 3,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ለሰፈር ፓርክ ትንሽ አይደለም።

ከቀበሌው ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የመብራት መስመር ሥር አትትከሉ።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፤ ስፋቱም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር። የላዩን ለም አፈር ከታችኛው ቀይ አፈር ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ስትሞሉ የላዩ ከሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥሩ ይግባ። የቡና ገለፈት እዚህ እንደ ልብ ስለሚገኝ ጥሬውን ጉድጓድ ውስጥ የሚሞላ ብዙ ነው። ጥሬ ገለፈት ሲበሰብስ ይሞቃል፣ የአፈሩንም ናይትሮጅን ይሻማል፤ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከፍግ ጋር እየደረባችሁ ቢያንስ ሦስት ወር አብስሉት።

ተከላው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይለቅ፤ ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥሩን ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ በምላጭ ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። በተከላ ቀን ጥድፊያ ከነፕላስቲኩ የሚቀበር ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ ይታያል፤ ሥሩ ግን እዚያው ተጠምዝዞ ስለሚቀር ጥር ላይ ይደርቃል። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካያችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ። ግንዱ ችግኝ ጣቢያ ከነበረው ጠልቆ አይቀበር፤ ዙሪያውን በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት፣ አየር ከሥሩ ጋር እንዳይቀር።

ከዛፎቹ ዋንዛ፣ ሳሳ፣ ብሳናና ብርብራ ለመነሻ ጥሩ ናቸው። ሳሳና ዋንዛ ሲያድጉ ስለሚሰፉ ለእነሱ ከ5 ሜትሩ ይልቅ 8 ሜትር ስጧቸው። ዝግባ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ፣ በልጅነቱ ጥላ ይወዳል፤ ሌሎቹ ከፍ ሲሉ በጥላቸው ሥር ትከሉት። ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳር ፈጽሞ አይሁን። የወንዙ አፋፍ እየተናደ ከሆነ መጀመሪያ ቬቲቨር ሣር በመስመር ትከሉበት፤ አፈሩን ይይዝላችኋል።

መስከረም ላይ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር አርሙ፤ ሰርዶ ከችግኙ ቀድሞ ውኃውን ይጠጣል። ከዚያ ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ግንዱን የነካ ጉዝጓዝ ምስጥ ይጠራል። ከየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውኃ በሳምንት አንዴ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ፍየልና ከብት የሚያልፍበት ከሆነ እያንዳንዱን በቀርከሃ ወይም በእሾህ እጠሩ። ሣር የሚያጭደው ሰው ግንዱ ዙሪያ ያለውን በእጁ ይንቀል፤ በማጭድ ዙሪያውን የተላጠ ለጋ ግንድ አይተርፍም። ጥር ላይ የደረቁትን ቆጥራችሁ ለሰኔ የመተኪያ ችግኝ አስይዙ።