ፕላስቲኩ ያልተቀደደው ዲስክ

ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ ፍንዳታና ዘንዶ ለምትሠሩት ነው። እኔ ዕድሜዬን የቪዲዮ ማሽን ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሳሎኔ ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ ሌዘርዲስክ፣ ማለትም ፊልም የሚታይበት ትልቅ ዲስክ አለ። ባለቤቴ «ሰፌዶችህ» ትላቸዋለች፤ ወርዳቸው 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እኔም አልከራከራትም።

ሌዘርዲስክ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሲዲ ስለሚመስል ብዙ ሰው ዲጂታል ይመስለዋል፤ ምስሉ ግን እንደ ካሴት አናሎግ ነው። ልዩነቱ የሚነካው ነገር አለመኖሩ ነው፣ የሚያነበው ብርሃን ነው። እኛን የስፔሻል ኢፌክት ወዳጆችን ያሳበደን ሲኤቪ የሚባለው ዓይነት ነበር። በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሲስተም ዲስኩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ነጠላ ምስል ይሰጣል። አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ፣ ማለትም 54,000 ፍሬም ይይዛል፤ ሁሉም የየራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን በሪሞት ትመታላችሁ፣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቪኤችኤስ ካሴት አቁሞ ሲንቀጠቀጥበት የኖረ ሰው የምለው ይገባዋል። መስታወት ላይ የተሳለ ከተማ ከእውነተኛው ቀረጻ ጋር የት ላይ እንደተጋጠመ፣ አሻንጉሊቱ ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ምን ያህል እንደተነቃነቀ፣ ይህን ሁሉ ያየሁት እንደዚያ እያቆምኩ ነው።

አዘጋጆቹም ዕድሉን ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የ«ኪንግ ኮንግ» ዲስክ በሁለተኛው የድምፅ መስመር የባለሙያ ማብራሪያ ይዞ መጣ፤ ዛሬ ኮሜንታሪ የምትሉት በቤት ቪዲዮ የተጀመረው እዚያ ነው። በ1993 ደግሞ «ዘ አቢስ» የተባለው ፊልም ስለ አሠራሩ ከተቀረጸ ዘጋቢ ፊልም ጋር ወጣ። እሱስ ዕድለኛ ነው፣ በ2000 ወደ ዲቪዲ ተሻግሯል። ዲስኩ ላይ የቀሩ ግን አሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አንድ ለፊልም ሞዴል ስለሚሠሩ ሰዎች የተቀረጸ ዲስክ በብዙ ልመና ገዛሁና ፕላስቲኩን ሳልቀድ አስቀመጥኩት። ያልተከፈተ ዋጋው ይጨምራል ብዬ ነበር፤ ስስት በሉት። 12 ዓመት ቆየ። የከፈትኩት ቀን የመጀመሪያው ገጽ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌዘር ሮት ይሉታል። ዲስኩ ሁለት ግማሽ በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ሙጫው ወይም ሽፋኑ ደካማ ከሆነ ውስጥ ያለው ስስ አሉሚኒየም እየተበላ ይሄዳል። ተጫወተ አልተጫወተ ለሱ ግድ የለውም።

ስለዚህ ዲስክ በእጃችሁ ሲገባ በዚያው ሳምንት ሁለቱንም ገጽ እዩት፣ ያያችሁትንም በደብተር ጻፉ። አቁማችሁ ደርድሩ እንጂ አታነባብሩ። ሙቀትና እርጥበት አታሳዩት። የሚሠራ ማጫወቻ ካገኛችሁም አትለፉት፤ ማጫወቻ ይሠራ የነበረው ፓዮኒር ማምረት ማቆሙን ካስታወቀ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ አዲስ የለም።

ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ በሚገጠም ተራ የቪዲዮ መቅረጫ ካርድ መገልበጥ ለጊዜው ያገለግላል። ነገር ግን ፍሬም ቁጥሮቹ የተጻፉት ከሚታየው ምስል ውጪ ባሉ መስመሮች ላይ ስለሆነ ካርዱ ይጥላቸዋል። የተሻለው መንገድ ዶምስዴይ ዱፕሊኬተር የተባለው መሣሪያ ነው። ማጫወቻውን ከፍታችሁ ሌዘሩ ያነበበውን ሲግናል ምስል ከመሆኑ በፊት ትቀዳላችሁ፤ ምስል የማድረጉን ሥራ ኤልዲ ዲኮድ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በኋላ ይሠራዋል። የ30 ደቂቃ ገጽ ወደ 90 ጊጋባይት ይፈጃል። ሃርድ ዲስክ ለመግዛት አትሰስቱ፣ እኔ በሰሰትኩት ይብቃ።

ደግሞ የታመመ ዲስክ አትጣሉ። ነጠብጣቡ በሁለት ቅጂዎች ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ አይወድቅም፤ ሶፍትዌሩም የአንዱን ቀዳዳ ከሌላው ይሞላል። ሦስት አራት የተበላሹ ቅጂዎች ተደራርበው አንድ ደህና ምስል ሲወጣቸው አይቻለሁ።

የዚያ ዲስኬ ሁለተኛ ገጽ ደህና ነበር፣ ቀድቼዋለሁ። ለመጀመሪያው ገጽ ሌላ ቅጂ እየፈለግሁ ነው። የታመመም ቢሆን እገዛለሁ።