ልጆችን ይዞ ዓሣ ማጥመድ፦ የሐዋሳ ወላጆች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የራሴንም የጎረቤቶቼንም ልጆች ይዤ ዓሣ ሳጠምድ ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ይዤው ብወጣ ጊዜው ገና ነው?

መልስ፦ ገና አይደለም እህቴ፣ መንጠቆ ግን አትስጪው። ክርና ቡሽ የታሰረበት ዘንግ ይበቃዋል። ትል መቆፈር ከዓሣው ይበልጥ የሚያስደስተው ዕድሜ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ሳይሰለቸው የተመለሰ ልጅ በማግስቱ ራሱ ይቀሰቅስሻል። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የራስሽን ዘንግ ቤት ተዪው። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዓይኑ ቡሹ ላይ ነው፤ ውኃ ዳር የቆመ ሕፃን ደግሞ ሙሉ ዓይን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ምን ምን እንግዛ?

መልስ፦ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። 2 ሜትር ያህል ሸምበቆ፣ ያንኑ ያህል የናይለን ክር፣ ቡሽና ትንሽ መንጠቆ በቂ ነው። ለክብደት እርሳስ አታስሩ፤ ልጆች ያገኙትን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፣ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ትንሽ ዳዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁ። ያኔ ጣት ቢወጋ እንኳ ሥጋ ሳይቀድ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጉማሬውንስ ምን እናድርገው? የቢልሃርዚያውም ነገር ያስፈራኛል።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከሐይቁ ዳር ራቁ፤ ቄጠማና ፊላ የበዛበት ቦታም አይሆንም። እኔ የምወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ሰው በሚመላለስበት ገላጣ ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሣል።

የቢልሃርዚያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል እንጂ ከዓሣው አይመጣም። የሚበረታውም እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ልጁ በደረቅ መሬት ላይ ይቁም፣ እግሩን አይንከር። ነክሮ ከሆነ ከሳምንታት በኋላ ሰገራውን አስመርምሩ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያድናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆቼን ወደ ባሌ ወስጄ በወንዝ ላይ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድን ላሳያቸው አስቤአለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው! የወይብ ወንዝን የመሳሰሉ የባሌ ወንዞች ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የተባለ ዓሣ አለባቸው። ትራውት ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወድ የእኛ ሞቃት ሐይቅ አይስማማውም።

በላባና በክር የተሠራችው ዝንብ ክብደት የላትም፤ ወደ ፊት የሚወስዳት ወፍራሙ ክር ነው። ስለዚህ ልጆቹ ወንዙ ዳር ደርሰው መማር አይጀምሩ። እዚሁ ሐዋሳ ሣር ላይ፣ በመንጠቆው ፋንታ ቀይ የሱፍ ክር ቋጥረው ይለማመዱ። ዘንጉን ወደ ኋላ ያነሣሉ፣ ክሩ ከኋላቸው እስኪዘረጋ ለአፍታ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደ ፊት ይወረውራሉ። ልጅ የሚሳሳተው ያቺን አፍታ መጠበቅ ላይ ነው። የእኔ ልጅ ክሩ ሲዘረጋ ዞራ በዓይኗ እንድታይ ካደረግኋት በኋላ ነው እጇ የተፈታው።

ወንዙ ዳር መነጽርና ባርኔጣ ግዴታ ነው፤ ክሩ በጆሮ ግንድ በኩል ያልፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታስወርውር፣ ውኃ ውስጥም አይግቡ። ወፍራም ልብስ ያዝ፣ በባሌ ያለችው ዲንሾ ከተማ ብርድ ናት። ፈቃዱን አስቀድመህ ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዓሣው ሲሞት አለቀሰች። ምን ልበላት?

መልስ፦ አታባብላት፣ እውነቱን ንገራት። የሚበላ ከሆነ ሲያጣጥር አይቆይ፤ ጭንቅላቱን በዱላ አንድ ጊዜ መትቶ መጨረስ ነው። የሚለቀቅ ከሆነ እጅን አርጥቦ መያዝ ይገባል፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሸፈነውን ልጋግ ይገፈዋል።

አንድ ቀን አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ከመረብ የወጣች ቆሮሶ ለልጄ አሳየኋት። የዓሣዋን አፍ ስንከፍት ቢጫ እንቁላሎች ልጄ መዳፍ ላይ ተንጠባጠቡ። እናቲቱ እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹንም እዚያው ትጠብቃለች፤ በዚያ ወቅት እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ አይዛትም፣ መረብ ግን አይምራትም። ልጄ እንቁላሎቹን በጣቷ ቆጥራ ወደ ውኃው መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ አያልቅም።

ጥያቄ፦ ምንም ሳንይዝ ብንመለስስ?

መልስ፦ በአሞራ ገደል በኩል እለፉ። ጀልባዎቹ ሲራገፉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሲለዩ፣ አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች ከልጁ ቁመት እኩል ሆነው የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ ያያል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ አስቀምሱትና ወደ ቤት ግቡ።