መልስ፦ የሴት መምህራንን ቁጥር ማወቅ ይበቃል ወይ?
በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች እኩልነትን ለመለካት የሴት መምህራን መቶኛ ይበቃል ወይ ላልሽው፦ አይበቃም። ከረዳት ምሩቅ እስከ ፕሮፌሰር በየማዕረጉ ቁጠሪ። ለትምህርት የወጡትን ለብቻ ያዢ፤ አለዚያ ስም እንጂ ሰው የሌለበት ቁጥር ታገኛለሽ። ትልቁ ስህተት የማዕረግ እድገት ላይ ነው፦ ብዙዎች በአንድ ማዕረግ የቆይታ ጊዜን የሚያሰሉት ካደጉት ብቻ ነው፤ እዚያው የቀሩት ከስሌቱ ስለሚወጡ ልዩነቱ የጠፋ ይመስላል። በተመሳሳይ ዓመት ሌክቸረር ከሆኑት ወንዶችና ሴቶች በ5 ዓመት ውስጥ ረዳት ፕሮፌሰር የሆኑት ስንት እጅ ናቸው? ይህን አወዳድሪ። 4 ሴቶች ባሉበት ክፍል አንዷ ስትለቅ 25 በመቶ ቀነሰ ይባላልና የብዙ ዓመት መረጃ አጠራቅሚ። መሠረታዊ ደመወዝ ማዕረግን ስለሚከተል ብዙም አይነግርሽም (ጊዜሽን አትፍጂበት)፤ የላብራቶሪ ቦታ በካሬ ሜትር፣ የምርምር ገንዘብና የማስተማር ጫና ይሻሉሻል።