«አይለቅ» ወይስ «አይለቅም»? የባጃጅ ጥቅስና የጎደለችው «ም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ላይ ጥቅስ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን አንድ ደንበኛዬ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅ» ብለህ ጻፍልኝ አለኝ፤ ጻፍኩለት። ጣና ዳር ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አንድ አስተማሪ አይተው «‹ም› ጎድሏል፤ ‹አይለቅም› ነው የሚባለው» አሉት። አሁን አስተካክልልኝ ብሎኛል። እኔ የጻፍኩት ከሰው አፍ እንደሰማሁት ነው። ተሳስቻለሁ? ደግሞ የራሴን ጥቅስም ሞክሬያለሁ፦ «የወደደ ጉድፍ አያይ፣ የጠላ ፀሐይ አያይ»። እዚህስ «ም» ይግባ?

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ጥቅሱን አይንኩት።

አስተማሪውም ግን ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በዛሬው አማርኛ የአሉታ ዓረፍተ ነገር ሲዘጋ «ም» ይፈልጋል። «ልጁ እጄን አይለቅም» እንላለን፤ «ልጁ እጄን አይለቅ» ብለን አናቆምም። በአዎንታው በኩል ደግሞ «አል» አለች፦ ያስራል፣ ይለቃል። ይቺ «አል» «አለ» የሚለው ግስ ናት። «አስራለሁ» ሲሉ «አለሁ» ሙሉዋን ትሰማለች።

የድሮው አማርኛ እነዚህን ሁለቱን የግድ አይፈልግም ነበር። ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለነገሥታት በተገጠሙት የአማርኛ ግጥሞች ውስጥ ግሱ ያለ «አል» ብቻውን ሐሳቡን ሲዘጋ እናገኘዋለን። ግዕዝም እንዲሁ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው «ይነግር» ሲባል «ይነግራል» ማለት እንደሆነ፣ «ኢይነግር» ሲባል ደግሞ «አይነግርም» ማለት እንደሆነ ያውቃል። መጨረሻው ላይ የሚቀጠል ነገር የለም።

አሮጌው ቅርጽ ዛሬም በየቀኑ ከአፋችን ይወጣል። «የማይለቅ ሰው» እንላለን እንጂ «የማይለቅም ሰው» የሚል የለም። «ሲያስር»፣ «ቢያስር»፣ «የሚያስር» ስንልም «አል» የለችም። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ ሲለወጥ፣ መካከል የሚገባው ግስ በቀድሞ መልኩ ቀረ። ተረትና ምሳሌ ደግሞ የመዝጊያውንም ግስ ብዙ ጊዜ እንዳለ ጠብቆ አቆየልን።

ለምን ተረቱ ጠበቀው? አንዱ ምክንያት ዜማው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»። «ያስራል» ወይም «አላይም» ብለው ይሞክሩት፤ ቤት መምታቱ ወዲያው ይፈርሳል። የእርስዎ ደንበኛ ጥቅስ ግን ቤት አይመታም፤ «ወረቀት» እና «አይለቅ» በድምፅ አይገናኙም። ለዚህ ይመስለኛል «አይለቅም» የሚሉ ሰዎች የበዙት። እሱም ስህተት አይባልም፤ ሁለቱም ይነገራሉ። እኔ ግን አጭሩን እወዳለሁ። «አይለቅ» ብሎ ሲያቆም ንግግሩ ራሱ የጨበጠውን የያዘ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ቅርጽ ከዜማ በላይ ጉዳይ አለው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለውን ይውሰዱ። ብዙ ሰው እንደ ክልከላ ነው የሚሰማው፤ አጥር እንዳትነካ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመስለዋል። ግን አይደለም። ክልከላ ቢሆን «አይነቅንቁ» ይባል ነበር። ሐይቁ ዳር ባለ መናፈሻ «ሣሩን አይርገጡ» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ፣ ያ ክልከላ ነው፤ «አይረግጡ» አይልም። ተረቱ ያለው «አይነቀንቁ» ነው፤ «አይነቀንቁም» ማለቱ ነው። ማንም አጥር የሚነቀንቀው አስቀድሞ ባለቤቱን በልቡ ንቆ ነው እያለ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው! «ከአንተ ጋር ምንም ጠብ የለኝም፤ የነካሁት አጥሩን ብቻ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞን ያውቃል። በሥራ ቦታ «ለሥራው ብዬ ነው እንጂ እሱን እኮ አከብረዋለሁ» እያለ የባልደረባውን ስም የሚያነሳ አለ። ተረቱ የሚገልጠው ይህን ሽፋን ነው። ወደ ክልከላ ስንቀይረው የግብዝነቱ ነገር ይጠፋና ተራ የጉርብትና ምክር ይሆናል። «ድር ቢያብር»ም እንዲሁ ነው፤ ትእዛዝ ወይም ምኞት ቢሆን «አንበሳ ይሰር» ይል ነበር። «ያስር» ያለው እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የሰውን ሞኝነት ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ አያዙም፤ ያዩትን ይናገራሉ። ወጣቶች ይህን ልዩነት እንዲሰሙት ከልቤ እመኛለሁ፤ ካልሰሙት ተረቱ ሁሉ ቁጣ ይመስላቸዋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ተረት «ም» ይጠላል ማለት አይደለም። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ «ም»ን ቢቆርጧት ማንም አይቀበልዎትም። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ላይም «አል» ቦታዋን ይዛለች። ከቤታችን ደጅ የሚፈሰው ዓባይማ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል፦ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል»። መጀመሪያ «የለው» ያለ «ም»፣ ቀጥሎ «ይዞራል» ከነ «አል»። «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» ደግሞ ጭራሽ ግስ የለውም፤ አንዳንድ ሰው «ነው» እየጨመረ ሲጽፈው አዝናለሁ። የጥቅስ ጸሐፊ ነዎትና ተረቱን እንደሚነገረው ይጻፉት፤ አያርሙት። በደብዳቤና በማመልከቻ ግን የዛሬውን ሰዋስው ይጠብቁ።

የራስዎ ጥቅስ ደስ ብሎኛል። «አያይ» ትክክለኛው ቅርጽ ነው፤ ክልከላ ቢሆን «አይይ» ይሆን ነበር። አፍቃሪውን «ጉድፍ አትይ» እያሉት አይደለም፤ እንደማያይ አይተው ነው የተናገሩት። ለጠላውም እንዲሁ። «ም» ቢያስገቡ ሰዋስዉ አይበላሽም፤ ግን «ፀሐይ» እና «አያይ» በድምፅ መገናኘታቸው ይቀራል። ስለዚህ ያለ «ም» ይሁን። ካስገቡም በሁለቱም ወገን ያስገቡ፤ «አያይም» እና «አያይ» በአንድ ጥቅስ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ አንባቢው አንዷን ረስተው የዘለሏት ይመስለዋል።