«ፍሊት ልንፋበት?» የቤት ሸረሪትና አይሶፖድ ለሚያሳድጉ፣ ስለ ትናንሾቹ ዝንቦች ጥያቄና መልስ

ቨርጂኒያ ውስጥ ባለች ጠባብ አፓርታማዬ ሦስት ታራንቱላ (ትልልቅ ፀጉራም ሸረሪቶች)፣ አራት ሳጥን አይሶፖድ (ድንጋይ ስር የሚኖሩት፣ አንዳንዶቹ ሲነኳቸው እንደ ኳስ የሚጠቀለሉት) እና አንዲት ማንቲስ (ሌሎች ነፍሳትን እያደነች የምትበላ ነፍሳት) አብረውኝ ይኖራሉ። «ስለ ዝንብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅኩት በላይ ሆነ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የአይሶፖዱን ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ትናንሽ ዝንቦች ፊቴ ላይ ይበተናሉ። ትንሽ ፍሊት ብነፋ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ዝንቡ ይሞታል፤ አይሶፖዱም አብሮ ይሞታል። ፍሊት እያልን የምንጠራው የሚረጭ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ፓይረትሮይድ የሚባል የነርቭ መርዝ ነው፤ ዝንብ፣ ሸረሪትና አይሶፖድ ደግሞ ሁሉም ለእሱ ተጋላጭ ናቸው። ሳጥኑ ውስጥ ባትነፋውም እዚያው ክፍል ውስጥ መንፋቱ በቂ ነው። የሚጨሰው ጥምዝምዝ የወባ ትንኝ ማባረሪያም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ዘር ነው። ድመት ወይም ውሻ ካለህ ደግሞ የቁንጫ ጠብታ ያደረግክበትን እጅ በሳሙና ሳትታጠብ ሳጥኑን አትንካ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይበራል። የፍራፍሬ ዝንብ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይህን ሳያውቁ ነው ብዙዎች ወር ሙሉ የሚለፉት። ስልክህን አውጣ፣ መብራቱን አብራ፣ መስታወቱ ላይ ያረፈችውን አንዷን ጠጋ ብለህ እያት። ቡናማ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሆዷ ድብልብል ያለ፣ ዓይኗ ቀይ፣ አበራረሯ ሰነፍ ከሆነ የፍራፍሬ ዝንብ ናት፤ ርዝመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ እግሯ የረዘመ፣ እንደ ወባ ትንኝ የምትመስል ከሆነች ከእርጥብ አፈር የምትወጣው የሻጋታ ትንኝ ናት። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ስትነካት ከመብረር ይልቅ ቆም እያለች የምትሮጥ ከሆነች ግን ፎሪድ የምትባለው ዝንብ ናት፤ እሷን ካየህ ሳጥኑ ውስጥ የሞተ ነገር ፈልግ። ሦስቱ የሚባዙበት ቦታ ስለሚለያይ መፍትሔውም አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ወጥመዱን እንዴት ነው የምትሠራው?

መልስ፦ በትንሽ ብርጭቆ ሁለት ጣት ያህል የፖም አቼቶ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ሳሙናው ባይኖር ዝንቧ ፈሳሹ ላይ ቆማ ጠጥታ ትሄዳለች፤ ሳሙናው ሲገባ ትሰምጣለች። ከአፉ ላይ ወረቀት እንደ ቆሎ መጠቅለያ ጠቅልለህ ሹሉን ወደ ታች አስገባ፣ ጫፉን ትንሽ ቁረጠው። መግቢያው አይጠፋትም፣ መውጫው ግን ይጠፋታል። ብርጭቆው ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ። የሻጋታ ትንኝ ግን በአቼቶ አትታለልም፤ ለእሷ ቢጫው የሚያጣብቅ ወረቀት ይሻላል፣ እሱም ከሳጥኑ ውጭ። ውስጥ አድርጎት ታራንቱላው የተጣበቀበት ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ባዶ አድርጌ አጠብኩት፣ አፈሩንም ቀየርኩ፣ ተመልሰው መጡ። ከየት ነው የሚመጡት?

መልስ፦ ምናልባት ከሳጥኑ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጣች። በገባች በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን ዝንብ ወረረው። እሷ «ይህ የምትቀልበው ሸረሪት ነው ያመጣብን» አለች፤ እኔም አመንኳት፣ ያሉኝን ሳጥኖች በሙሉ ገለባበጥኩ። አንድ ማታ ከዕቃ ማጠቢያው ስር ባልዲ ሳወጣ የጠላ ጥንስስ ሆኖ አገኘሁት፤ የተሸፈነበት ነጠላ በአንድ በኩል ተገልጦ ጠርዙ ላይ ዝንቡ እንደ ጤፍ ተነስንሷል። የፍራፍሬ ዝንብን ከፍሬው ይልቅ የሚጠራት እርሾው ነው፤ ጌሾና ብቅል ሲፈላ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ግብዣ የለም። ጥንስሱን በላስቲክ አጥብቀን አሰርነው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዝንቡ ጠፋ። ጠላው ጥሩ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑን ከማፍረስህ በፊት የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ ያልታጠበ የቢራ ጠርሙስ፣ የረጠበ ስፖንጅ፣ ከቅርጫቱ ስር የተረሳ ሽንኩርት ወይም ድንች ፈትሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ወንድ ልጄ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ሸርጣን ያሳድጋል። ዝንብ በዛብኝና ናፍታሊን ከሳጥኑ አጠገብ ላድርግ ወይስ ዕጣን ላጭስበት?

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱንም አያድርጉት። ያ ሸርጣን የሚተነፍሰው ሁልጊዜ እርጥብ መሆን ባለበት እንደ ዓሣ ባለ አካል ነው፤ የናፍታሊን ሽታና ጭስ እሱን ከዝንቡ ቀድሞ ይጎዳዋል። ቡና ሲያፈሉ ሳጥኑን ሌላ ክፍል ያስገቡት። ልጅዎ ማታ ያስቀመጠለትን ሙዝና ማንጎ ጠዋት ያንሳ፤ ሸርጣኑ የሚበላው ሌሊት ስለሆነ ቀን ላይ የሚተርፈው ለዝንቡ ብቻ ነው። የተረፈውን በፌስታል አስረው ከቤት ያውጡት።

ጥያቄ፦ ለአይሶፖድ ግን ፍራፍሬ ሳልሰጥ አልችልም። ምን ልተው?

መልስ፦ ፍራፍሬውን አትተዪ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ቀይሪ። ከጥፍርሽ የማይበልጥ ቁራጭ ስጪ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አንሺው። የሙዝ ልጣጭ ከገበያ ከዝንብ እንቁላል ጋር ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው። ከጫካ የምታመጪውን ደረቅ ቅጠልም እንደዚሁ። ካሮትና ዱባ ከሙዝ ይልቅ ቀስ ብለው ነው የሚበላሹት። የአየር ቀዳዳውን ከ1 ሚሊሜትር በታች ዓይን ባለው የሽቦ ወንፊት ሸፍኚ፤ ተራው የመስኮት ወንፊት ለእነዚህ ዝንቦች በር ነው። ስፕሪንግቴይል የሚባሉትን እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታት ካስገባሽ ሻጋታውን ስለሚበሉት የሻጋታ ትንኝ ሲሳይ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የአፈሩን ትል የሚገድል ባክቴሪያ አለ ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ቢቲአይ ይባላል፤ በ1976 እስራኤል ውስጥ ኔጌቭ በረሃ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። የወባ ትንኝና የሻጋታ ትንኝ እጭ ሲውጠው አንጀቱ ይበሳል፤ ሸረሪትና አይሶፖድ ላይ እንዲህ አያደርግም። ለወባ ትንኝ በቀለበት ቅርጽ የሚሸጠውን በውሃ ዘፍዝፈህ በዚያ ውሃ አፈሩን አርጥበው። ለፍራፍሬ ዝንብ ግን አትመካበት።

ጥያቄ፦ ዝንቡ ታራንቱላዬን ይጎዳል?

መልስ፦ የፍራፍሬ ዝንብ አይጎዳም፣ ያናድዳል እንጂ። ፎሪድ ግን የደከመ ወይም የቆሰለ እንስሳ ላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ተበልቶ የተረፈውን የፌንጣ ሬሳ በወረንጦ አንሳ።

ጥያቄ፦ ለማንቲሴ መብረር የማይችል የፍራፍሬ ዝንብ ገዝቼ ነበር፤ አሁን ግን ቤቱ ውስጥ የሚበር አለ። አታለሉኝ?

መልስ፦ ምናልባት አላታለሉሽም። መብረር ያለመቻሉ ባሕርይ ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ አይታይም፤ ያመለጠች አንዷ ከውጭ ከገባ ዝንብ ጋር ከተዳቀለች ልጆቿ ይበራሉ። ማርቢያውን ጠርሙስ ስትከፍቺ መጀመሪያ ታች መታ መታ አድርጊው፣ ዝንቡ ወደ ታች ይወርዳል። ያረጀውን ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አቆይተሽ ጣዪው።

ጥያቄ፦ ወጥመድ ካስቀመጥኩ አንድ ሳምንት ሆነኝ፣ አሁንም አሉ። የአዲስ አበባ ሰው ነኝ።

መልስ፦ አንድ ሳምንት አይበቃም። ዛሬ የተጣለ እንቁላል በ25 ዲግሪ ሙቀት በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ይሆናል፤ እንደ እናንተ ቤት ቀዝቀዝ ሲል፣ 18 ዲግሪ አካባቢ፣ 19 ወይም 20 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ምንጩን ካጸዳህ በኋላም ለሦስት ሳምንት ያህል አዲስ ዝንብ ልታይ ትችላለህ። በየቀኑ ብርጭቆው ውስጥ የሰመጡትን ቁጠር፤ ቁጥሩ እየቀነሰ ከመጣ ተወው። ካልቀነሰ ሳጥኑን ተወውና የዕቃ ማጠቢያውን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን አንስተህ እይ።