ማሲንቆ መቺው ወንድምሽ ፓስፖርቱን ሳይቀበል ይህን አንብቢለት

እህቴ፣ "ዘፋኟ ቲና ተርነር እንኳ አሜሪካዊነቷን ትታ ስዊዝ ሆና ሐይቅ ዳር ኖራ ሞተች፤ ጀርመን ያለው ማሲንቆ መቺ ወንድሜ ፓስፖርት ቢወስድ ምን ይጎድልበታል? ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለው የአባታችን ቤትስ?" ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም ማሲንቆ መቺ ነኝ። በ2000 ሄድኩ፣ በ2009 የጀርመን ዜግነት ወሰድኩ፣ አሁን ዓመቱን አብዛኛውን እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ። የደረሰብኝን ልንገርሽ።

የቲና ነገር ደስ ይላል፣ ግን ለኛ ልክ አይመጣም። እሷ ስዊዘርላንድ የገባችው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዜግነቱን ያገኘችው በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013። ያን ሁሉ ዓመት ኖራም፣ ዓለም የሚያውቃት ሆናም፣ እንደ ማንኛውም ሰው ጀርመንኛ ተምራ ስለ አገሩ ተፈትናለች። እዚያ መንደሩም፣ ካንቶኑም (ክልሉ ማለት ነው)፣ ፌዴራሉም እሺ ማለት አለባቸው። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት ስለወሰድሽ ብቻ የራሱን አይነጥቅሽም። ስለዚህ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በርን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በእግሯ ሄዳ ነው የተወችው። ለመተው መወሰን ነበረባት።

ወንድምሽን ግን ማንም አይጠይቀውም። የዜግነት አዋጁ፣ ቁጥር 378/1996፣ በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ማመልከቻ የለ፣ ፊርማ የለ። የጀርመኑን ወረቀት የተቀበለ ዕለት አለቀ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። እኔ በወሰድኩበት ጊዜ ጀርመንም የቀድሞውን ተው ትል ነበር። ከሰኔ 20 ቀን 2016 ወዲህ ሕጉ ተለውጦ ሁለት ዜግነት ይፈቅዳል፤ የመኖሪያ ጊዜውም ከስምንት ዓመት ወደ አምስት ወርዷል። ወንድምሽም "ሁለቱንም መያዝ ተፈቀደ" ብሎ ነግሮሽ ይሆናል። የፈቀደችው ጀርመን ናት፤ የኛ አዋጅ ያው ነው። ሁለቱን ፓስፖርት ኪሱ ከትቶ በአንዱ እየወጣ በአንዱ ልግባ ቢል ራሱን ነው የሚያስይዘው። እንዲህ ያደረጉ ጓደኞች አሉኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ላብ ሲያጠምቃቸው አይቻለሁ።

ፈተናው አያስፈራውም። 33 ጥያቄ ነው፣ 17 የመለሰ ያልፋል። ቋንቋው ይብሳል፤ ማታ ማታ ስትጫወት አምሽተህ ጠዋት ክፍል መግባት፣ እሱ ነው የሚገድለው።

ፓስፖርቱን ይዤ መጀመሪያ ስመጣ እናቴ ሽፋኑ ላይ ያለውን የወርቅ ንስር በጣቷ እየነካካች "ይቺ አሞራ ደግሞ ምንድን ናት?" አለችኝ። ሳቅን። መሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ የመጣሁት በቱሪስት ቪዛ ነበር። አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ማሲንቆ መጫወት ጀመርኩ። ክረምት ስለነበር የሐይቁ እርጥበት የማሲንቆዬን ቆዳ አርግቦት፣ ከሰል ላይ ሳሞቀው ነበር የቤቱ ባለቤት መጥቶ "ወንድሜ፣ የሥራ ፈቃድህን ማየት አለብኝ፣ ሰው ጠይቆኛል" ያለኝ። በተወለድኩበት ከተማ፣ አባቴ ሲጫወትበት በነበረ ሰፈር! ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ ሊያሠራ አይችልም። ሁለት ወር ማሲንቆዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳያት ከረምኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቢጫ ካርዱን ሳላወጣ መጣሁ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ማለት ነው። እሱን የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ኤምባሲ በኩል ስለሚወጣ ወንድምሽ እዚያው ሆኖ ይጨርሰው። ኢትዮጵያዊ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚጠየቅ አሮጌ ፓስፖርቱን፣ የልደት ወረቀቱን፣ ያለውን ሁሉ አይጣል። እኔ ቤት ስቀይር አሮጌ ፓስፖርቴን አንድ ካርቶን ውስጥ ጥዬው ጠፋብኝ፤ እሱን ለመተካት ያየሁትን አበሳ ባልጽፈው ይሻላል።

ቤቱን በተመለከተ፣ ያው አዋጅ ካርዱን የያዘ ሰው ዜግነቱ ተለወጠ ተብሎ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ከመሆን አይከለከልም ይላል። ስለዚህ ይነጠቃል የሚለውን ወሬ ተዪው። ቤቱ ግን አሁንም በአባታችሁ ስም ከሆነ፣ ወንድምሽ ፓስፖርቱን ከመቀበሉ በፊት የወራሽነቱን ጉዳይ ጨርሱ። በኢትዮጵያዊ መታወቂያ በአንድ ስም ተጀምሮ በጀርመን ፓስፖርት በሌላ አጻጻፍ የሚቀጥል ፋይል ያስለቅሳል። የኔ ስም እዚያ የአባቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎ ነበር፤ "አንተ ያው ሰውዬ ነህ?" ሲሉኝ አንድ ዓመት ሄደ።

ካርዱ የማይመልሰውም አለ። መምረጥና መመረጥ የለም፤ መከላከያ፣ ደኅንነት፣ ውጭ ጉዳይ መሥራትም የለም። ለማሲንቆ መቺ ምን ይጎዳል ትዪ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ሲደረግ እናቴን በባጃጅ አደረስኳትና አጥር ውጭ ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኳት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ስትወጣ ቀለም የነካውን ጣቷን አንስታ አሳየችኝና "አንተስ?" አለችኝ። ረስታው ነው። የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ልጋብዝሽ ብዬ ወደ ሐይቁ ወሰድኳት።

ልመለስ ቢል መንገዱ አልተዘጋም። አገር ቤት ኑሮውን መሥርቶ፣ የጀርመኑን ትቶ ካመለከተ የኢትዮጵያ ዜግነቱን መልሶ ማግኘት ይችላል። እኔ አላመለከትኩም፤ ልጆቼ እዚያ ናቸው፣ ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ መመላለሱን መርጫለሁ። ወንድምሽ ቀኑ ስንት እንደሚቀረው ጠይቂውና ንገሪኝ። የወራሽነቱ ነገር ካልተጀመረ ከሱ እንጀምር።