መልስ፦ ሆፕኪንስን በኧርሊ ዲሲዥን ላመልክት ወይስ ልጠብቅ?

ወንድሜ፣ አሜሪካ ያለውን ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲን ቀድመህ ታመልክት እንደሆነ ጠይቀሃል፤ አባትህ ኡበር ነው የሚነዳው፣ እናትህም አረጋውያን ነው የምትንከባከበው ብለሃል። ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር።

ኧርሊ ዲሲዥን ማለት ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ቀድመህ፣ ካለፍክ ልትገባ ቃል ገብተህ ማመልከት ነው፤ ፊርማ ነው። አንተ፣ ወላጅህና የትምህርት ቤት አማካሪህ ትፈርማላችሁ፤ ካለፍክ ሌላውን ሁሉ ትተህ መግባት ነው። ብዙ ሰው «ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አይቻልም» ይላል። የሰጡህ እርዳታ ለቤተሰብህ የማያዋጣ ከሆነ ይቻላል። የማይቻለው ማወዳደር ነው፤ በመደበኛው ብታመለክት የ3 ኮሌጅ ደብዳቤ ይዘህ «እነዚያ እኮ ይህን ያህል ሰጡኝ» ብለህ መከራከር ትችላለህ፣ እዚህ ግን በእጅህ ያለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (እርዳታው ተቀንሶ ቤተሰብህ የሚከፍለውን የሚገምት ቅጽ) ከአባትህ ጋር ሙሉት። የታክስ ወረቀቱን ይያዝ። እኔ በጊዜው ብቻዬን በግምት ሞልቼ፣ የአባቴን ገቢ የቤንዚንና የመኪና ወጪ ሳልቀንስ አስገብቼ፣ የወጣውን ቁጥር ሳሳያቸው ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ (እማዬ እስካሁን ታነሳብኛለች)።

ቁጥሩ ከተስማማችሁና ሆፕኪንስን የምትፈልገው ለራስህ ከሆነ፣ ለዕድር ሰው ወሬ ካልሆነ፣ አስገባ። ቀኑ ኖቬምበር 1 ነው፣ መልሱ ዲሴምበር ላይ ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ያሻሽልልኛል የምትል ከሆነ ግን አትቸኩል፤ ጃኑዋሪ መጀመሪያ ላይ ኧርሊ ዲሲዥን 2፣ ማለትም ያው ፊርማ ያለበት ሁለተኛ ዙር፣ አላቸው። ጎን ለጎን ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን በኧርሊ አክሽን አስገባ፣ እሱም ቀድሞ ማመልከት ነው፣ ግን አያስርህም።